የሰብለወርቅ የምርመራ ጾም

ከአሮጌው የባቡር ጣቢያ ጀርባ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የቆርቆሮ በር አለ። በሩ ላይ ምንም አልተጻፈበትም፤ ግን ድሪዕ የሚሉትን ሰፊ ቀሚሷን ማሳጠር የፈለገች ሴት፣ የልጇ የተማሪ ቤት ሱሪ የተቀደደባት እናት፣ ለጥምቀት ቀሚስ የምታሰፋ ሁሉ ታውቀዋለች። የሰብለወርቅ የስፌት ቤት ነው። አባቷ ባቡሩ በደህና ይሠራ በነበረበት ዘመን ከድሬዳዋ የመጣ ፍሬን ያዥ ነበር፤ እሷ ግን የተወለደችው እዚሁ ጅቡቲ ነው። ባሏ ቀድሞ ሞተባት። አንድ ልጇን ናዝሬትን በዚያች በእግር በምትረገጥ የስፌት መኪና አሳድጋ ለወግ ማዕረግ አበቃቻት። ናዝሬት ዛሬ ነፃ የንግድ ቀጠናው ውስጥ በጸሐፊነት ትሠራለች።

እኔ ደጉ እባላለሁ፤ ግድግዳ ብቻ የሚለየን ጎረቤቷ ነኝ። ይህን የምጽፈው ስለ ተናደድኩ ነው። በማን እንደ ተናደድኩ ግን እስካሁን በደንብ አልለየሁም።

ሰብለወርቅ ስኳር እንዳለባት የታወቀው ከስምንት ዓመት በፊት ነው። ውሃ ቶሎ ቶሎ ይጠማት ጀመር። በጅቡቲ ሙቀት ውሃ የማይጠማው ማን ነው? ማንም ልብ አላላትም። ቀሚሷ ሲሰፋት፣ እሷም ሰፊ ናትና ዝም ብላ ስታጠበው፣ ናዝሬት ጎትታ ሐኪም ቤት ወሰደቻት። ሐኪሙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ከበሩ ውጭ ኮሪደሩን የሞላ በሽተኛ ይጠብቀው ነበር። ስኳር እንዳለባት ነገራት፣ ኪኒን አዘዘላት፣ በፈረንሳይኛ የታተመ ወረቀት በእጇ አስያዛት። በየሦስት ወሩ ጠዋት በባዶ ሆዷ መጥታ ደም እንድትሰጥ ነግሮ አሰናበታት። ስኳር ምን እንደሆነ፣ የት እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚያበላሽ የነገራት የለም። ሰው የተያዘበትን ነገር ሳያውቅ እንዴት አድርጎ ይጠነቀቃል?

ወረቀቱን እኔ አነበብኩላት። ፈረንሳይኛ ማንበብ የተማርኩት በሽምግልናዬ፣ ማንም ሳያስተምረኝ ስለሆነ ቀስ እያልኩ ነው የማነበው። "ማታ ማታ እግርሽን ተመልከቺ ይላል" አልኳት። "በጣቶችሽ መሐልና በመርገጫሽ በኩል። ባዶ እግርሽን አትሂጂ ይላል።"

"ስኳሩ ያለው ደሜ ውስጥ ነው፤ እግሬን ምን አመጣው?" ብላ ሳቀች። "ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ የእግሬን መርገጫ በመስታወት ልይ?"

ሰብለወርቅ ለጾም እንግዳ አይደለችም። ሁዳዴንም ፍልሰታንም ሳታጓድል ነው የኖረችው፤ ምግብ መተው እንደ እሷ የሚቀለው ሰው አላየሁም። ይህ ደግ ጠባይዋ ነው ጠላት የሆነባት። የምርመራው ቀን ሲቃረብ የራሷን ጾም ታውጃለች። ሩዙ ይቀራል፣ ዳቦው ይቀራል፣ ቴምሩ ይቀራል፣ ሻይዋን ያለ ስኳር ትጠጣለች፤ ጎመን ቢጤ ቀምሳ ታድራለች። በሌላው ጊዜ ትዝ ሲላት የምትውጠውን ኪኒን በዚያ ሰሞን በሰዓቱ ትውጣለች። ደሟን ሰጥታ እንደ ወጣች ደግሞ ከሆስፒታሉ በር ላይ ቦምቦሊኖ ገዝታ እየበላች ትመጣለች።

መጀመሪያ የነቃሁባት አንድ ቀን ምሳ ይዤ ስገባ ነው።

"አልበላም፣ ጋሽ ደጉ። የፊታችን ሐሙስ ምርመራ አለብኝ።"

"ምርመራው ሐሙስ ከሆነ የዛሬ ምሳ ምን አጠፋ?"

"እንግዳ ሲመጣ ቤት አይጠረግም? ሐኪሙ ደሜን ሲያይ ቆሻሻ እንዲያገኝ ነው የሚፈልጉት?"

"እንግዳው የሚመጣው እኮ ቆሻሻውን ሊያይ ነው።"

"አዬ! እርስዎ ፈረንሳይኛ ማንበብ ከጀመሩ ወዲህ ሐኪም ሆነው አረፉት" አለችና ክር ወደ መርፌው አስገባች።

ውጤቱ ሁልጊዜ ያማረ ነበር። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ "ትሬ ቢየን" ይላታል፤ እሷም ያችን በጣም ጥሩ የምትል ቃል እንደ ኒሻን ይዛ ቤት ትገባለች። መድኃኒቱ አልተጨመረም። ለምን ይጨመራል? ሐኪሙ የሚያየው ቁጥር የጤነኛ ሰው ነው። ከአንዴም ሦስቴ "ለሐኪሙ ንገሪው" ብያታለሁ። "ደስ ብሎት የሚያየው አንድ ሰው ይኑረው፤ ተዉት" ትለኛለች። ከዚህ በላይ ምን ይባላል?

ከዚያ እግሯን ያቃጥላት ጀመር። እንደ በርበሬ ነው፣ እንደ ጉንዳን ነው ትላለች። ከብዙ ወራት በኋላ ማቃጠሉ ጠፋ። "ይኸው፣ ለቀቀኝ!" ብላ ሻማ ይዛ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። እግሯ መዳኑ ሳይሆን መደንዘዙ መሆኑን እሷም እኔም አላወቅንም፤ የነገረን ሰው አልነበረም።

ባለፈው የሐሩር ወቅት፣ ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ አሸዋ በሚበትንበት ሰሞን፣ ናዝሬት ከሥራ ስትገባ ወለሉ ላይ ደም አየች።

"እማዬ፣ ይሄ ደም የማን ነው?"

"እኔ እንጃ፣ የደንበኛ ይሆናል።"

ናዝሬት ደሙን ተከትላ እናቷ እግር ሥር ደረሰች። የስፌት ቤት ነውና የወደቀ እስፒል አይጠፋም፤ አንዱ የላስቲክ ጫማዋን በስቶ የቀኝ አውራ ጣቷ ሥር ገብቷል። ጫማውን ከእግሯ ጋር ሰፍቶታል። እሷ ግን ከጠዋት ጀምሮ በዚያው እግሯ መኪናዋን ስትረግጥ ውላለች። እስፒሉ ሲነቀል እንኳ አልተሸማቀቀችም። "እዪ፣ ምንም አላመመኝም!" አለች፣ እንደ ተመረቀ ሰው።

በማግስቱ ቁስሉን በጨው ውሃ ዘፈዘፈችው። ውሃው የፈላ መሆኑን እግሯ አልነገራትም። እኔ በበሩ ስገባ እንፋሎቱ ይታየኛል፤ እጄን ብሰድ ተቃጥዬ መለስኩ። እሷ እግሯን ነክራ የእጅጌ ጠርዝ ትሰፋለች። ቆዳው ተልጦ ተነሣ።

ሐኪም ቤት እንሂድ አልን፤ ቀጠሮዬ ገና ነው አለች። ለካ ሳትጾም ደሟ እንዳይታይ ነው። በዚያው ሰሞን ካልሲ አድርጋ አየኋት። በጅቡቲ ሐምሌ ካልሲ ያደረገ ሰው አንድ ነገር ደብቋል። ሽታው ሲመጣ ናዝሬት አልቅሳ፣ እኔ ጮኼ፣ ታክሲ ውስጥ አስገባናት።

ቁስል የምታጥበው ነርስ ጀዋሪያ ትባላለች፤ ድሬዳዋ አድጋ እዚህ ያገባች ሴት ናት፤ አማርኛዋ ወለላ ነው። የድሬ ልጅ ስለሆነች ግን "አንቱ" የሚባል ነገር አታውቅም፤ እኔንም ከነሽበቴ "ና አንተ፣ እዚህ ተቀመጥ" ብላኛለች። ደም ልትቀዳ ክንዷን ስትይዝ ሰብለወርቅ እጇን ሰበሰበች።

"ቁርስ በልቻለሁ። ዛሬ አይሆንም።"

"ለዚህኛው ምርመራ በላሽ አልበላሽ አንድ ነው። ስኳሩ ከቀዩ የደም ሴል ላይ ይለጠፋል። ሴሉ ደግሞ ሦስት ወር ያህል ይኖራል፤ ያን ጊዜ ሁሉ ያገኘውን ስኳር ተሸክሞ ነው የሚዞረው። የጠዋቱ ምርመራ የዛሬን ይነግረናል፤ ይሄኛው የከረመውን።"

ሰብለወርቅ ፊቷ ሲለወጥ አየሁ።

ውጤቱ መጣ። ለእሷ ሰባት አካባቢ ሊሆን የሚገባው ከአሥራ አንድ አልፏል። ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ የድሮ ውጤቶቿን አገላበጠ። ይህቺ ጎበዝ በሽተኛው ነበረች። "ላቦራቶሪው ተሳስቷል፤ ይደገም" አለ። ሰብለወርቅን ተመለከትኳት፤ እሷ ግድግዳውን ትመለከታለች። ተደገመ። እግሩ እየጠቆረ፣ እኛ ትክክለኛ የሆነ ቁጥር ስህተት ነው ብለን እንደገና ስንጠብቅ ቀኑ አለቀ። ሁለተኛውም ያው ሆነ።

ሐኪሙ በዚህን ጊዜ አልተቻኮለም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ጀዋሪያ አስተረጎመች። ስኳሩ ካልወረደ ቁስሉ አይድንም፤ ቁስሉ ካልዳነ እግሩ ከቁርጭምጭሚት በላይ ይቆረጣል። ቀኝ እግሯ ነው፤ መኪናዋን የምትረግጥበት። ኢንሱሊን ዛሬውኑ መጀመር አለበት።

"መርፌ አልጀምርም" አለች። "የሀምዱን ወንድም አይተነዋል። መርፌ በጀመረ በወሩ ቀበርነው።" ሀምዱ ከእኛ በር ፊት ለፊት ሽንኩርት የሚሸጥ ጎረቤታችን ነው።

"የሀምዱ ወንድም መርፌ የጀመረው መቼ ነው? አልቆለት ነው!" አለች ጀዋሪያ። "የእሳት አደጋ መኪና በቆመበት ቤት ሁሉ እሳት አለ። ታዲያ እሳቱን መኪናው ነው ያመጣው?"

"አንቺ ልጅ፣ አፍሽ ስለት ነው።"

"ሰብለወርቅ!" አልኩ፤ ድምፄ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። "የምትከራከሪው እኮ በእግርሽ ነው!"

"እግሩ የእኔ ነው፣ ጋሽ ደጉ። ይቀመጡ።"

ጀዋሪያ ጠጋ አለች። ከኪሷ እስክሪብቶ የሚመስል ነገር አወጣች፤ ጫፉ ላይ አጭር የናይለን ክር ተተክሏል። "ዓይንሽን ጨፍኚ" አለቻት። "ሲነካሽ አዎ በይኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።" ግንባሯን በክሩ ነካቻት።

"አዎ።"

ክንዷን ነካቻት።

"አዎ። ክር ነው።"

ከዚያ ወደ እግሯ ወረደች። በአውራ ጣቷ ሥር ክሩ እስኪጎብጥ ተጫነችው። በትንሿ ጣቷ በኩል። በመርገጫዋ መሐል። ወደ ግራው እግር ተሻገረች፤ እዚያም ደጋገመች። ሰብለወርቅ ዓይኗን ጨፍና በጥሞና ትጠብቃለች።

"ጀምሪው እንጂ" አለች።

"ጨርሻለሁ" አለች ጀዋሪያ።

ሰብለወርቅ ዓይኗን ገለጠች። ክሩን ተቀብላ በጣቶቿ መሐል አሸችው፤ ዕድሜ ልኳን ክር የዳሰሱ ጣቶች ናቸው። ጎንበስ ብላ እያየች ራሷ ደህነኛውን እግሯን ነካች። ደግማ ነካች። ክሩ ሲጎብጥ ሦስታችንም እናያለን። ናዝሬት ፊቷን አዞረች።

"ላቦራቶሪው አልተሳሳተም" አለች ሰብለወርቅ ቀስ ብላ። "ንገሪው ለሐኪሙ። ለምርመራ ስመጣ ሳምንቱን ጾሜ ነው የምመጣው።"

"ስንት ጊዜ?"

"ሁልጊዜ።"

ጀዋሪያ ተረጎመች። ሐኪሙ ለምን እንዳደረገችው ጠየቀ። "በእኔ እንዳያዝን" አለች። እሱም "ታዲያ እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ ያከምኩት ሌላ ሴት ነው" አለ። ተቆጥቶ ነበር፤ እውነቱን ነው። እኔ ደግሞ በእሱ ተቆጥቼ ነበር። ይህ የክርና የቀይ ሴል ነገር በመጀመሪያው ዓመት ቢነገራት ኖሮስ? ሦስት ደቂቃ አይፈጅም።

መርፌውን የዚያኑ ዕለት ጀመረች። አውራ ጣቷና ተከታዩ ተቆረጡ፤ እግሩ ተረፈ። ቤት ስትገባ ሀምዱ ሽንኩርቱን ትቶ ሊጠይቅ መጣ። እሱም ስኳር አለበት፤ ሐኪም መርፌ ካዘዘለት ቆይቷል።

"አላልኩም? መርፌ ጀመረች፣ ጣቷ ሄደ" አለ፣ ገና ሳይቀመጥ።

"ጣቱ የሄደው ሳትጀምር በቆየችበት ጊዜ ነው!" አልኩት። ስለ እስፒሉ፣ ስለ ፈላው ውሃ፣ ስለ ጾሙ ሁሉ ዘርዝሬ ነገርኩት። ራሱን ሲነቀንቅ የገባው መሰለኝ።

"እሺ፣ ሁሉም ይሁን። ግን መርፌ ከመጀመሯ በፊት ጣት ነበራት፤ አልነበራትም?"

"ሀምዱ፣ ውጣልኝ" አለች ሰብለወርቅ ከአልጋዋ ላይ። "ሽንኩርትህን ሌባ ሳይወስደው።"

እየሳቀ ወጣ። መርፌውን እስከ ዛሬ አልጀመረም።

ኢንሱሊኑ ሙቀት ስለማይወድ እኔ ቤት ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፤ መብራት ሲጠፋ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን በማሰሮ እናስቀምጠዋለን። መርፌውን ራሷ ትወጋለች፤ ናዝሬት ልርዳሽ ስትላት "መርፌ ለእኔ ነው የምታስተምሪው?" ትላታለች። ቀኝ እግሯ መኪናውን መርገጥ ስለተከለከለ በግራዋ ልትለምድ ታገለች። ስፌቱ ተጣመመባት፤ ፈታችው፤ እንደገና ሰፋች። አንድ ድሪዕ አራት ጊዜ ስትፈታ በግድግዳው በኩል የሰማሁትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም።

ሦስት ወር ሲሞላ አብሬያት ሄድኩ። እንደ ማንኛውም ቀን ቁርሷን በልታ፣ ሳትጾም፣ ክንዷን ዘረጋች። ውጤቱ ስምንት ተኩል መጣ። ሐኪሙ በጣም ደስ አለው። ጀዋሪያ እግሮቿን በየጣቱ መሐል አይታ፣ "ቁስል የለም፤ ጥሩ ወርዷል፤ ገና ይወርዳል" አለቻት። ሰብለወርቅ ግን ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ከሆስፒታሉ ስንወጣ ፀሐዩ እንደ ምጣድ ነው። ክንዴን ብሰጣት አልያዘችውም።

"እግርሽ ተረፈ፣ ቁጥሩ ወረደ። ታዲያ ማን ላይ ነው የተቆጣሽው?" አልኳት።

"ሁለት ጣት ቆርጠው፣ ቀን ማታ ተወግቼ፣ ስምንት ተኩል? ቀድሞ በጎመን ብቻ ከዚህ ያማረ አመጣ ነበር።"

"ያኛው እውነት አልነበረም።"

"አውቃለሁ፣ ጋሽ ደጉ። እውነት ስላልነበረ አይደለም እንዴ እየተናደድኩ ያለሁት?"

እጄን ወደ መንገዱ ዘረጋሁ። ታክሲ ቆመልን። ማንም ሳይደግፋት ከፊት ወንበር ገብታ፣ ጣት የጎደለውን እግሯን በሁለት እጇ አንሥታ ወደ ውስጥ አስገባችና ለሹፌሩ በሶማሊኛ ወደ ጣቢያው ጀርባ ቶሎ እንዲነዳ ነገረችው፤ ከሰዓት በፊት ማድረስ ያለባት የተማሪ ሱሪ አለ።