የጓያ ውሃ

ዓዲላ በግራ እጇ የድስቱን ክዳን እንደያዘች በቀኟ ባሏን ወደ በሩ ገፋችው።

«ልከፍተው ነው። ውጣ።»

«ዝናቡን አታይም?»

«ዝናብ እግር አይሰብርም። ውጣ፣ አያ ሙሄ።»

ሙሄ ጋቢውን ተከናንቦ ወጣና ከሣር ክዳኑ ጠርዝ ሥር ቆመ። ውሃው ትከሻው ላይ ይንጠባጠባል። ዓዲላ ቀሚሷን እስከ ቁርጭምጭሚቷ ሳበች፤ ፊቷን ወደ ጎን አዞረችና ክዳኑን አነሳች። እንፋሎቱ ቤቱን ሞላው። በጨርቅ እያራገበች በጓሮ በር አስወጣችው። የመጨረሻው እንፋሎት እስኪጠፋ ድረስ ባሏን አልጠራችውም።

ድስቱ ውስጥ ያለው ጓያ ነበር።

ጊዜው የ1958 ዓ.ም. ክረምት ነው። መንደራቸው ከከሚሴ ወረድ ብሎ በጨፋ ሜዳ ዳር ላይ ናት። እዚያ ማሽላ የሚቀመጠው በጉድጓድ ነው፤ በሐምሌ መጀመሪያ የሙሄ ጉድጓድ ውሃ ገባበት። ሲከፍቱት ማሽላው ከብት እንኳ የማይቀርበው ሆኗል። ላሟ ነጥፋለች። የቀራቸው ስድስት ቁና የዘር ጤፍ፣ ጥቂት በቆሎና ከደጋ ነጋዴ በፍየል የለወጡት አንድ ጆንያ ጓያ ብቻ ነበር። ልጅ የላቸውም። ዓዲላ ጓያውን በጣሳ ሰፈረችና ለሁለት አፍ እስከ ጥቅምት እንደሚያደርስ አወቀች።

ጓያ ድርቅም ጎርፍም የማይገድለው እህል ነው። ሆድ ይይዛል። እግር ግን ይሰብራል። ይህን በጨፋ የማያውቅ ሰው አልነበረም። የሚሰብረው እንፋሎቱ ነው ይባላል፤ ሲቀቀል ጉልበቱን የመታው ሰው አለቀለት።

ጎረቤታቸው ቃሲም በሰኔ በሬ ጠምዶ ሲያርስ ታይቷል። በሐምሌ አጋማሽ አንድ ጧት ከመደቡ ሊነሳ ሲል ጉልበቶቹ ተጠላለፉ። ከዚያ ወዲህ በሁለት ዱላ ተደግፎ፣ በጣቶቹ ጫፍ እየረገጠ፣ አንዱን እግር በሌላው ላይ እየጣለ ነው የሚሄደው። ሚስቱ ረቢአ ለዓዲላ እንደነገረቻት፣ ቃሲም ብርዱን ሽሽት ምድጃው አጠገብ ይተኛ ነበር። እንፋሎቱ ያገኘው እዚያ ነው አለች። ዓዲላ ይህን ከሰማች ጀምሮ ሙሄን ምድጃ አላስጠጋችውም።

በመንደሩ ዓዲላ በእጇ የታወቀች ናት። የዓዲላ ድስት ውሃ ብቻ ቢፈላበት ያጠግባል እያሉ ሴቶቹ ይቀልዱባት ነበር። ጓያውን ማታ ትዘፈዝፈዋለች፤ ጧት በዚያው ውሃ ትቀቅለዋለች። ውሃ መድፋት ጉልበት መድፋት ነው ትላለች። ሲበስል ወፈር ያለውን ውሃ በሸክላ ጣባ ትቀዳለች፤ ጨውና ሚጥሚጣ ታደርግበትና ሙሄ ወደ ማሳ ሳይወጣ ትሰጠዋለች። ይህን ትኩስ ነገር የጠጣ ሰው እስከ ቀትር ብርድ አይነካውም። ከቀረው እህል ግማሹ ንፍሮ ይሆናል። ግማሹን ትወቅጠውና ከበቆሎ ዱቄት ጋር ቂጣ ትጋግረዋለች፤ ከጓሮ ጎመን ጋር ይበላል። እሷ ራሷ የምትበላው የቂጣውን ጠርዝና ጎመኑን ነበር። ውሃውን አትቀምሰውም። እርፍ የሚይዘው እሱ ነው።

በየጧቱ ሙሄ ከወጣ በኋላ ተከትላ ትወጣና ጭቃው ላይ ዱካውን ታያለች። ጣቶቹ፣ የውስጥ እግሩ፣ ተረከዙ። ተረከዙ ካለ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

ነሐሴ በገባ በአምስተኛው ቀን የቀኙ ተረከዝ አልነበረም። ቀጣዩን ዱካ አየች። እዚያም የለም። እስከ አጥሩ ድረስ ሄደች፤ ጣቶቹ ብቻ ናቸው ጭቃውን የቧጠጡት። ጭቃው ጠንክሮ ይሆናል አለችና በራሷ እግር ረገጠችው። ተረከዟ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ሰጠመ።

ለማንም አልተናገረችም። ምድጃውን ነቅላ ጓሮ ወሰደችና ዝናቡን በቆርበት ከልላ መቀቀል ጀመረች። የግድግዳውን ስንጥቅ በጭቃ መረገች። እግሩ ጉልበት ይፈልጋል ብላም ጣባውን ከበፊቱ አስበልጣ ሞላችለት።

ሙሄም ዝም አለ። ሲሰግድ ግን ግንባሩን ከደፋበት ሱጁድ ለመነሳት መዳፉን መሬት ላይ ሲደገፍ አየችው። ዓርብ ዕለት መስጊድ ቀረ፤ ዝናቡን አሳበበ። ሲዘንብ የነበረው ሐሙስ ነው። እግርህን ምን ነካህ ብላ ጠየቀችው።

«ሆማ ሚቲ» አላት በኦሮምኛ። «ምንም አይደል፤ ደክሞኝ ነው። አብሽሪ።»

አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ የሚለውን ቃል ሙሄ ሲናገር የምትሰማው ለቅሶ ቤት ነበር። ዓዲላ ከዚያ ቀን ወዲያ እንቅልፍ አልያዛትም።

ረቡዕ ሲሆን ዶሮዋን ታቅፋ ወደ ጨፋ ሮቢት ገበያ ሄደች። የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ለሙሄ የቀትሩን ጓያ ከነውሃው በቅል ትታለት ነበር። ለባሏ ዶሮዋን በበቆሎ ልለውጥ ነው አለችው። ለራሷ ግን ሌላ ነገር ልትጠይቅ ነበር የሄደችው። ከእህል ተራው ጫፍ ሶፍያ የምትባል ደገኛ ጓያ ዘርግታ ተቀምጣለች፤ ጓያ በሚዘራበት አገር ያደገች ሴት ናት። ዓዲላ አጠገቧ ቁጢጥ አለችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ጓሮ የተቀቀለ ጓያ እንፋሎቱ ቤት ውስጥ ያለን ሰው ያገኘው እንደሆነ ጠየቀቻት።

ሶፍያ ሳቀች። «እታለም፣ እንፋሎት ቢሰብር ኖሮ እኔ ሠላሳ ዓመት ቀቅዬ ዛሬ እንደ እባብ በሆዴ ነበር ገበያ የምመጣው።»

በዙሪያዋ ያሉት ሴቶችም ሳቁ። ዓዲላ አልሳቀችም። ታዲያ ምንድን ነው የሚሰብረው አለች።

«መብላቱ ነዋ። ሲበዛ፣ ለብቻው ሲሆን። እናንተ አገር ውሃውን የት ነው የምትደፉት?»

«እኔ አልደፋውም።»

ሶፍያ እጇን ከጓያው ውስጥ አወጣች። «ምን ታደርጊዋለሽ?»

«ባሌ ይጠጣዋል።»

ሶፍያ ከመቼ ጀምሮ ብላ ጠየቀች፤ ዓዲላ ከሐምሌ አለች። መራመዱን ጠየቀች፤ ዓዲላ ስለ ተረከዙ ነገረቻት።

«የዘፈዘፍሽበት ይደፋል፤ የቀቀልሽበትም ይደፋል» አለች ሶፍያ። «እኛ ለውሻም አንሰጠው። ዛሬውኑ ተይው። የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን ያዥ።»

ዓዲላ ዶሮዋን ላገኘችው ሰው በሁለት ጣሳ በቆሎ ሰጠችና ተመለሰች። መንገዱን ከግማሽ በላይ ሮጠች። ከመንደሩ በታች ያለው ጅረት ሞልቶ ነበር፤ በቆሎውን በራሷ ተሸክማ ውሃው እስከ ደረቷ እየደረሰ ተሻገረችው። ስለ ጅረቱ አላሰበችም። የምታስበው ስለ ቅሉ ነው። ምናልባት አልራበውም። ምናልባት ደፍቶት ይሆናል። ያ ረቢ፣ ደፍቶት ይሆናል።

ቤት ስትገባ ሙሄ መደቡ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ያሻል። ቅሉ ባዶውን ከጎኑ ተደፍቷል።

ጓሮ ወጥታ በእንስራው የተዘፈዘፈውን ጓያ ከነውሃው ገደል ከተተችው። ተመለሰችና የዘር ጤፉን አወረደች፤ ወፍጮው ላይ ተንበረከከች። በቆሎ ሲፈጭ ይንኮሻኮሻል፣ ጤፍ ግን ድምፅ የለውም። ሙሄ ዝምታውን ሰማ። ግድግዳውን ተደግፎ መጣ።

«ዘሩን ነው የምትፈጭው?»

«ዘሩን ነው።»

«አንች ሴት፣ ሳምንት ጭቃው ለዘር ይደርሳል። ምን ሊዘራ ነው?»

ዓዲላ መጁን አላቆመችም። «በማን እግር?»

ሙሄ ቁልቁል እግሩን አየ። ዓዲላ ሶፍያ ያለችውን ሁሉ፣ የዘፈዘፈችበትንም የቀቀለችበትንም፣ በየጧቱ በጣባ የቀዳችለትንም ነገረችው። ስትናገር ቀና አላለችም። እንዲመታት ጠበቀች። አንድ ጊዜም መትቷት አያውቅም፤ ያን ቀን ግን ጠበቀችው። እሱ ተመልሶ መደቡ ላይ ተቀመጠ። እሷ እሳት አነደደች፣ ገንፎውን አገነፋች፣ ለኢድ አስቀምጣው የነበረውን ጥቂት ቅቤ መሃሉ ላይ አደረገች። አቀረበችለትና ራቅ ብላ ቆመች።

«አንችስ ጠጥተሻል?» አላት።

«ውሃውን? አልጠጣሁም። ላንተ ነበር የማስቀረው።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ ሙሄ። ቢስሚላህ ብሎም እጁን ሰደደ። ከዚያ ነይ ብይ ካላልኩሽ ቆመሽ ልታይኝ ነው ብሎ ገሰጻት፤ ተቀምጣ አብራው በላች።

ያን ዓመት ማሳው ጦሙን አደረ። የሙሄ ተረከዝ ስላልተመለሰ በተከታዩ ዓመት የእህቱ ልጅ ዩሱፍ ምርቱን በእኩል ሊካፈል አረሰው።