በማርያም ቀን ችካል የሆንኩበት የጉና ጉዞ

የካቲት 21፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ ደብረ ታቦር

ከተማው በብርድ ተኮራምቷል። እኔ ግን ካፖርቴን ለብሼ፣ ጺሜን ተስተካክዬ ሚኒባስ መነሻው ላይ ቆሜያለሁ። ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። ማንበብ፣ ሬዲዮ መጠገንና ካርታ ማየት ያስተማረኝ ሌላ ሰው ሳይሆን ራሴ ነኝ። ይህን የምጽፈው ለጉራ አይደለም፤ አንባቢ ከማን ጋር እንደሚጓዝ ይወቅ ብዬ ነው።

አብራኝ ያለችው የሆሳዕናዋ ልጅ ትዕግሥት ናት። ዩኒቨርሲቲ የመሬት አስተዳደር ትማራለች። ለተግባር ልምምድ ጉና ተራራ ተዳፋት ላይ ባለ አንድ ቀበሌ ተመድባ፣ ከግቢዬ አንዲት ክፍል ተከራይታ ሁለት ወር ስትመላለስ ቆየች። ዛሬ የመጨረሻ ቀኗ ነው። የቀበሌውን የወል ግጦሽ ድንበር ለክታ፣ ሊቀ መንበሩ የግምገማ ቅጿን ፈርሞ ማኅተም ካላሳረፈበት ነገ ለመምህሯ የምታስረክበው የለም። ከጓደኞቿ ጋር አትመረቅም ማለት ነው።

ቀኑን የመረጥኩላት እኔ ነኝ። «በማርያም ቀን ማንም አያርስም፤ አዋሳኙን ሁሉ እደጁ ታገኚዋለሽ» አልኳት። አዋሳኝ የሚባለው ማሳው ከወሉ መሬት ጋር የሚዋሰን ገበሬ ነው፤ እሱ ቆሞ «አዎ፣ ድንበሩ ይህ ነው» ካላለ ልኬቱ አይጸናም። እንዲህ ያለ ምክር ከሌላ ሰው አታገኝም ነበር።

2 ሰዓት፣ ወደ ክምር ድንጋይ

ሚኒባሱ ሰውም ጆንያም ጠቅጥቆ ዳገቱን እያቃሰተ ይወጣል። የትዕግሥት ሃያ ችካሎች ከእግራችን ሥር ታስረዋል።

«አባት፣ ከዘራዎ ጆሮዬን ሊወጋኝ ነው» አለ ሾፌሩ።

«ይህ ከዘራ መንገዱን ካንተ መኪና በፊት ያውቀዋል።»

«እንግዲያው ይንዱልና!»

መሪው ጋ ጠጋ ብል ኖሮ መንዳቱን በአንድ ቀን እለምደው ነበር። ልጁን ከሥራው ላለማፈናቀል ተውኩት።

4 ሰዓት ተኩል፣ ተዳፋቱ

ችካሎቹን በበቅሎ አስጭነን በእግር ወጣን። የታጨደ የገብስ ማሳ፣ ጥቅጥቅ ያለ ጸጉር ያላቸው በጎች፣ ከላይ የጅባራ ተክል፣ ፊት የሚልጥ ንፋስ። እንዳልኩትም አዋሳኞቹ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ሜዳው ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። ትዕግሥትን «አየሽ?» በሚል ዓይን አየኋት።

መጀመሪያውን ችካል ስታነሣ ሊቀ መንበሩ አቶ ደሴ እጃቸውን አነሡ። «እታለም፣ ዛሬ ችካል አይተከልም።»

«ለምን?»

«ማርያም ናታ! መሬት ይወጋል እንዴ? ይህን ቀን ማን መረጠልሽ?»

ሰው ሁሉ እኔን አየ። እኔ ጉናን አየሁ።

«ማረስና ችካል መትከል በሳይንስ ይለያያል» ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ።

«አንቱ፣ ለመሬቱ ይንገሩት» አሉ ወይዘሮ ጥሩነሽ የሚባሉ አዋሳኝ። ሳቁ ከኔ ንግግር በላይ ሆነ።

ትዕግሥት ግን አልሳቀችም። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ችካሉን እንደያዘች ቆመች። ችካሉን ከእጇ ተቀብዬ ከሌሎቹ ጋር አስቀመጥኩት።

7 ሰዓት፣ የወሉ መሬት

ድንችና ሚጥሚጣ ቀረበልን። ትዕግሥት ሁለተኛውን ድንች እየላጠች ድንገት ቀና አለች።

«ሊቀ መንበር፣ በማርያም መቆም ይፈቀዳል?»

«መቆምማ ቤተ ክርስቲያንም ቆመን ነው የዋልን።»

«እንግዲያው እያንዳንዱ አዋሳኝ ማዕዘኑ ላይ ይቁምልኝ። በዚህ የጂፒኤስ መሣሪያዬ ቦታውን እመዘግባለሁ። ችካሉን ራሳችሁ ነገ ትተክሉታላችሁ።»

አቶ ደሴ ሽማግሌዎቹን አዩ፤ ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሦስቱ ማዕዘን ላይ ሦስት ገበሬ ቆመ። አራተኛው የወይዘሮ ጥሩነሽ ነው፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ነጥቡን በጣታቸው አሳይተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። በእሳቸው ምትክ የቆምኩት እኔ ነኝ።

ስለ ልኬት ጥበብ ላጫውታቸው ትንሽ ዞር ስል ከሩቅ የትዕግሥት ጩኸት መጣ። «አባባ! ችካል አይነቃነቅም! ሁለት እርምጃ ሄዱብኝ፣ እንደገና ልጀምር ነው!»

«ችካል አይናገርምም» አሉ ወይዘሮ ጥሩነሽ።

ከዚያ በኋላ ንፋሱ ካፖርቴን እየገለበ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳልናገር ቆምኩ። የአገሩ ሰው ሳይቀር ተደነቀ።

10 ሰዓት፣ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት

አቶ ደሴ ትዕግሥት ከልኬቱ ያወጣችውን ካርታ አዩ፤ አዋሳኞቹ ፈረሙ። ከዚያ ቅጹን ሞሉ፣ ፈረሙ፣ ማኅተሙን በትንፋሻቸው አሙቀው ጧ አደረጉት። ትዕግሥት እያነበበች አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ተቀብዬ አነበብኩ።

«ጠንካራ ጎን፦ የሰውን ሥርዓት ታከብራለች፣ መላ አታጣም። ደካማ ጎን፦ ቀን የመረጡላት ሽማግሌ።»

«ይህ ይሰረዝ!» አልኩ።

«ማኅተም ያረፈበት ከተሰረዘ ቅጹ ይወድቃል» አሉ አቶ ደሴ። «እሷም አብራ።»

ትዕግሥትን አየኋት። ሳቋን አቁማ ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛዋለች። «ይቆይ» አልኩ።

12 ሰዓት ምሽት፣ ደብረ ታቦር

ስንወርድ ትዕግሥት ትከሻዬ ላይ ተኝታ ነበር፤ ቅጹ ከጉያዋ አልወጣም። እኔ እንቅልፍ አልወሰደኝም። አውጥቼ አውርጄ ስጨርስ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት፦ ያ ወረቀት ነገ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፣ መምህራን ያነቡታል፣ መዝገብ ቤት ይቀመጣል። በደካማ ጎን በኩልም ቢሆን፣ እኔም አብሬ ገብቻለሁ።