ሳይታጨድ የቆየው ካሬ

ጋሼ ጌታነህ ከማረፉ በፊት በነበረው ማክሰኞ ካሬ ስንተክል ዋልን። ካሬ የምንለው በገበሬው ማሳ ላይ በአራት ካስማና በገመድ የምናጥረውን ትንሽ ቦታ ነው። ሰብሉ ሲደርስ ያንን ቦታ ብቻ አጭደን፣ ወቅተን እንመዝናለን። የማሳው ምርት ከዚያ ይሰላል። ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ የቡድን መሪ ነበር፤ እኔ በሥሩ መረጃ ሰብሳቢ።

ያን ቀን የተለየ ነገር ነበረ ወይ ብዬ ደጋግሜ አስቤያለሁ። የለም። መዶሻ ረሳህ ብሎ ተቆጣኝ። ካስማውን በድንጋይ መታነው። ከዚያ ቆሎ በላን።

ማሳው ከደብረ ማርቆስ ወደ ደብረ ኤልያስ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ፣ የአያ ዓለምነህ ነው። የምንሠራለት የምርምር ማዕከል የእሳቸውንና የጥቂት ጎረቤቶቻቸውን ማሳ በየዓመቱ ያስለካል። ማሳ አንለዋውጥም። የአንድ መሬት እህል በረጅም ዘመን ወዴት እንደሚሄድ ለማየት ነው።

ሥራ የጀመርኩት አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር ነው። የመጀመሪያ ቀኔም እዚሁ ማሳ ላይ ነበር። ካሬው የት እንደሚተከል ዕጣ ይወጣል። በወጣው ቁጥር ልክ ከማሳው ጥግ ተነሥቶ በእርምጃ ይቆጠራል። እግር ያረፈበት ቦታ ካስማ ይመታበታል። ድንጋይ ቢሆን፣ አረም ቢሆን፣ እዚያው ነው።

በዚያ የመጀመሪያ ቀን ጋሼ ሲቆጥር አያ ዓለምነህ ከኋላው ተከትለው ቦታውን ስተሃል አሉት። ለካ ያለፈው ዓመት ካሬ የነበረበትን ቦታ ፍግ አልብሰው፣ ደጋግመው አርመው ጠብቀውናል። ስንዴው እዚያ ላይ ብቻ ወገብ ድረስ ቆሟል። እንግዳ የሚቀመጥበት አይጠረግም ወይ አሉ። ጋሼ ሳቀ። ዕጣው የጣለን ግን ከታች፣ ስንዴው ቢጫ ሆኖ በሳሳበት ነበር። አያ ዓለምነህ አኩርፈው ዋሉ። ስንጨርስ ቤታቸው አስገብተውን ጠላ ሲቀዱልን፣ «ክፉውን ለካችሁብኝ፤ እንግዲህ ክፉውን ጠላ ጠጡ» አሉን። ጠላው እውነትም ክፉ ነበር። ጋሼ ጨርሶ አስደገመ።

ያ ማሳ በአባታቸው ጊዜ የገብስ ነበር። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ሲመጣ ስንዴ ሆነ። እህሉም ጨመረ። በአገሩ ሁሉ ጨምሯል ይባላል፤ እውነት ነው፤ የእኛም ሚዛን ይህንኑ ያሳይ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን የዚህ ማሳ ጭማሪ ቆመ። ከዚያም መቀነስ ጀመረ። ማዳበሪያው አልቀረም፤ አፈሩ አሲዳማ ሆነ። አያ ዓለምነህ መሬቱ ሰለቸኝ አለ ይላሉ። ከጎረቤቶቻቸው ግማሹ ባሕር ዛፍ ተከለ። ግማሹ እንግዶ ዘራ፤ እንግዶ የደከመ መሬት የማይንቅ እህል ነው።

አያ ዓለምነህ ዘንድሮ ከመዝራታቸው በፊት አፈር ያክማል የተባለውን ኖራ በተኑ። ጎረቤቶቻቸው ኖራ ይግዙ ወይስ ይተዉት የሚለው በዚህ ካሬ ሊታይ ነበር። ሳይለካ የታጨደ ማሳ ደግሞ ተመልሶ አይለካም።

ረቡዕ ጠዋት ጋሼ ደብረ ኤልያስ አድሮ ወደ ማርቆስ ሲመለስ ሞተሩ ጠጠር ላይ ተንሸራተተበት። ሆስፒታል ደርሶ ነበር። ከዚህ በላይ መጻፍ አልቻልኩም።

ሐሙስ ቀበርነው። አያ ዓለምነህ ሰፈራቸውን ይዘው መጡ። ካለቀሱ በኋላ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ። ረቡዕ ማሳቸውን በደቦ አሳጭደው ነበር፤ መርዶውን የሰሙት ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ካሬውን ግን ማንንም አላስነኩም።

«እሾህ አጥሬበታለሁ» አሉኝ። «ነገ ግን ከብቱ በየቃርሚያው ይለቀቃል። የአገር ከብት በእሾህ አይመለስም።»

ነገ ሄጄ ልለካው ስል፣ አጎቴ ሠልስት ሳይወጣ ከቤት አይወጣም አለ። ሰው ምን ይላል አለ። ሴቶቹ ንፍሮ እያዞሩ ነበር፤ እነሱም ቆመው ሰሙ።

«የወንድሙ ሥራ ነው። ይሂድ» አለች እናቴ።

በማግሥቱ ሚዛኑን ይዤ ሄድኩ። ማሳው ባዶ ሆኗል። መሃሉ ላይ ካሬው ብቻውን ቆሟል። የገመዱ ቋጠሮ የጋሼ ነው፤ እኔ እንደዚያ አላስርም። አልፈታሁትም። ገመዱን ተከትዬ አጨድኩ። ከአያ ዓለምነህ ጋር ሸራ ላይ ወቃነው፣ አነፈስነው፣ ከረጢቱን ሚዛኑ ላይ ሰቀልኩት። ከአምናው የበለጠው በጥቂቱ ነው።

አያ ዓለምነህ ሚዛኑን ሲያዩ ቆዩና ወደ ክምራቸው ሄዱ። ጥቂት ዛላ መዘው በመዳፋቸው አሹ፤ ገለባውን እፍ ብለው ከረጢቱ ላይ ሊጨምሩ አንድ እፍኝ ስንዴ ይዘው መጡ።

«የመጨረሻ ልኬቱ ነው፤ አይነስበት። ለነፍሱ ብዬ ነው» አሉ።

የከረጢቱን አፍ ዘግቼ ያዝኩት። እምቢ ማለት ከበደኝ።

«አያ፣ ጋሼ ቢኖር ይቀበልዎት ነበር?»

ወደ ሚዛኑ አዩ። «አይቀበልም። ክፉውን ጠላ ይጠጣ ነበር እንጂ።»

እፍኛቸውን በነጠላዬ ጫፍ ላይ አፈሰሱልኝ። «እንግዲያው ለንፍሮው ይሁን» አሉ።

ቋጠርኩት። ሚዛኑ ያሳየውን ጻፍኩ። ካስማዎቹን ነቀልኩ፤ እሾሁን አብረን አነሣን፤ ከብቱ ገባ። አዲስ ለሚገቡት መረጃ ሰብሳቢዎች የምነግራቸው ይህንን ነው፦ ለማንም ተብሎ በልኬት ላይ አይጨመርም።