ባለ ሁለት ጆሮው ድንጋይ

የአባቴ ሬዲዮ ዝም ያለ ጊዜ እኔ በኤደን ከተማ፣ ሼክ ዑስማን ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ሁለቱ የመኖች አንድ ከሆኑ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ በጋ በመጣ ቁጥር መብራት ሄዶ ይቀራል። አባቴ ከየመናዊ አባት ደሴ ተወልዶ፣ ደሴ ሱቅ ነግዶ፣ በስተርጅና ኤደን የገባ ሰው ነው። ዓይኑ ከጠፋ ደግሞ አራት ዓመት ሆኖታል።

ሬዲዮውን ከደሴ ተሸክሞት ነው የመጣው። ባለ ቆዳ ማንጠልጠያ፣ ከባድ ሣጥን ነው። ባትሪን እኛ ድንጋይ ነው የምንለው፤ የዚህኛው ድንጋይ አንድ ብቻ ሆኖ ግማሽ ጡብ ያህላል። አናቱ ላይ ሁለት የብረት ቁልፎች ጎን ለጎን ስላሉት ቤታችን ውስጥ ስሙ «ባለ ሁለት ጆሮ» ነበር።

በየቀኑ ከመግሪብ ሶላት በፊት፣ የአማርኛው ዝግጅት ሊጀምር ሲል፣ እንደ አባቴ ከሐበሻ አገር የተመለሱ አራት ሽማግሌዎች መጥተው በራችን ላይ ካለው አግዳሚ ይቀመጣሉ። እኔ ሻይ በወተት አፈላለሁ። አባቴ ሬዲዮውን ጭኑ ላይ አድርጎ ጣቢያውን በሁለት ጣቱ ይፈልጋል፤ ሌላ ሰው አይነካውም። ዜናው ሲያልቅ ማን ምን እንዳለ፣ ያለውም ለምን እንደሆነ አንድ በአንድ ይተነትንላቸዋል። ዓይን ያላቸው አራቱ ዓይን የሌለውን አንዱን አፋቸውን ከፍተው ያዳምጡት ነበር።

ድንጋዩ ሲያልቅ የዘወትር ባለሱቃችን «ከእንግዲህ አይመጣም፣ የሚያመጣው የለም» አለኝ። ሽማግሌዎቹ ሁለት ቀን መጥተው ባዶ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን ሻይ ልቀዳ ገብቼ ስመለስ ሲሄዱ አየኋቸው፤ ከዚያ በኋላ ቀሩ። አባቴ ከዐስር ሶላት በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መተኛት ጀመረ። ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ሳሕኑን ይገፋል። ባመሽም ባላመሽም አይጠይቀኝም። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ግትር ነኝ፤ በሽማግሌዎቹ ተናደድኩ። ለካ ይወዱት የነበረው ሬዲዮውን እንጂ አባቴን አይደለም አልኩ። እንግዲያው ይህ ሬዲዮ ወዶም ሆነ ጠልቶ ይናገራል፤ ሲናገር ደግሞ እነሱ አፍረው ይመጣሉ። እንዲህ ብዬ ተነሣሁ።

መጀመሪያ በአቋራጭ ሞከርኩ። በየኪዮስኩ የሚሸጠውን፣ ኪስ ውስጥ የሚገባውን የቻይና ሬዲዮ ገዝቼ ሰጠሁት። ትንሽ አዳምጦ መለሰልኝ።

«ይሄ ያፏጫል እንጂ አይናገርም። ለኩሽና ይሁንሽ።»

በማግስቱ ሣጥኑን ይዤ ገበያችን ውስጥ ወዳለው ሬዲዮ ጠጋኝ ሄድኩ። ጀርባውን ከፍቶ ሳቀ።

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ይሄ የሙዚየም ዕቃ ነው። ኸላስ፣ ሞቷል።»

«የሞተው ሬዲዮው ነው ባትሪው?»

«ባትሪው።»

«ታዲያ እኔ ሬሳ መች አመጣሁልህ? ባትሪውን ከየት እንደማገኝ ንገረኝ።»

ወንድም ካለሽ እሱን ላኪው አለኝ። የለኝም አልኩት። ተዋሂ ወደብ አጠገብ ድሮ ለመርከበኞች ይሸጡ የነበሩ ሱቆች አሉ፣ እዚያ ሞክሪ አለኝ።

ሥራ ዘግቼ ተዋሂ ወረድኩ። ሦስት ሱቅ ምን እንደምፈልግ እንኳ አልገባቸውም፤ በእጄ ስለካላቸው ሳሙና ያሳዩኛል። አራተኛው መነጽሩን በክር ያሰረ ሽማግሌ ነበር። «ኣህ፣ የዋየርሌስ ባትሪ» አለና መሰላል ላይ ወጣ። በሰም ወረቀት የተጠቀለለ አንድ ድንጋይ አቧራውን እፍ እያለ አወረደልኝ። «ኦልድ ስቶክ ነው፤ ዳማና የለውም» አለ። ዋስትና የጠየቀው ማን አለ? አውቶቡስ ውስጥ እንደ እንቁላል ጭኔ ላይ ይዤው ተመለስኩ።

ቤት ገብቼ ሁለቱን ጆሮዎች ሣጥኑ ውስጥ ካሉት ጋር ገጠምኩ። ድምፅ የለም። አባቴ ጆሮውን ሣጥኑ ላይ ለጠፈ።

«ይተነፍሳል። ትንሽ ነፍስ አለው። ጸሐይ ላይ አሙቂው።»

ደሴ ያደገ ሰው ይህን አይጠይቅም። የደከመ ድንጋይ ቆርቆሮ ላይ ይሰጣል፤ ከሰዓት በኋላ ሬዲዮው ይነቃል። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እንደ በርበሬ እያገላበጠች ነበር የምታሰጣው። እኔም ሳላስብ ጣሪያው ላይ ወጥቼ ቆርቆሮው ላይ አስቀመጥኩትና ሥራ ሄድኩ። ወሩ ነሐሴ፣ የኤደን የሙቀት ወር ነበር። ለዐስር ሶላት ስመለስ ድንጋዩ ተሰንጥቆ፣ ጥቁር ዝፍት የመሰለ ነገር ቆርቆሮው ላይ ፈሶ አገኘሁት። የደሴ ጸሐይ ታሞቃለች፤ የኤደን ጸሐይ ግን ትቀቅላለች። ይህን ያህል ዓመት ኖሬባት እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም። ጣሪያው ላይ ቁጭ ብዬ በንዴት አለቀስኩ።

አባቴ ከታች ተጣራ። «ነቃ?»

ወርጄ እውነቱን ነገርኩት። «ፈነዳ አባ።»

ሣጥኑን በእጁ ገፋ አደረገው። «ተይው ልጄ» አለ። «እኔም ብሆን ደክሞኛል።» ይሄ አስፈራኝ። አባቴ ደከመኝ ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር። ተይው ያለኝን ግን አልተውኩም።

ቆርቆሮውን ልፍቅ ቢላ ይዤ ስወጣ የድንጋዩ ሆድ ተከፍቶ ውስጡ ታየኝ። አንድ ድንጋይ አልነበረም፤ እንደ ብስኩት የተነባበሩ ጠፍጣፋ ነገሮች ናቸው። ቆጠርኳቸው፤ ስድስት። ልባሱ ላይ ዘጠኝ ቮልት ይላል። ዘጠኝ ክንድ ጨርቅ ለስድስት ልጆች መቁረጥ የእንጀራዬ ጉዳይ ነው፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ ተኩል ይደርሳል። በየኪዮስኩ የሞላው የእጅ ባትሪ ድንጋይ ላይ ደግሞ አንድ ተኩል ተብሎ ተጽፏል። እዚያው ጣሪያ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ። ባለ ሁለት ጆሮውን አናት ፈልቅቄ በሎሚ አጠብኩትና ጨርቅ ውስጥ ቋጠርኩት።

ጠጋኙ ነገሩን ሲሰማ ራሱን አከከ። «ሰሕ፣ ትክክል ነሽ። ግን የት ታስገቢያቸዋለሽ? ሣጥኑ ስድስቱን አይችልም።»

«የማይገባውን ማስገባት ሥራዬ ነው። የሠርግ ቀሚስ ሰፊ ነኝ።»

ሳቀና በፈለቀቅኩት የድንጋይ አናት ላይ ሁለት ሽቦ በየደው ሰጠኝ። ስድስቱ ድንጋዮች በሰልፍ፣ የአንዱ ራስ የሌላውን ቂጥ እየነካ መቆም አለባቸው፤ ትንሽ ከተላቀቁ ያበቃል አለኝ።

ከወፍራም ካኪ ጠባብና ረጅም እጅጌ ሰፋሁ። በሁለቱ ጫፎች የጂንስ ሱሪ የብረት ቁልፍ አድርጌ ሽቦዎቹን አሰርኩባቸው፤ ስድስቱንም አስገባሁ። ሬዲዮው አንድ ጊዜ ጮኾ ዝም አለ። ፈታሁና አጥብቄ ሰፋሁት፤ ስነካው ይናገራል፣ ስተወው ይጠፋል። ሁለት ቀን እንዲህ ስፈታ ስሰፋ ደንበኞቼ ቀሚሳቸውን እየጠየቁ ይመለሳሉ። በሦስተኛው ቀን የጉርድ ቀሚስ ወገብ ላስቲክ ለምን እንደማስገባ ትዝ አለኝ፤ ወገቡ ቢከሳም ቢወፍርም እንዳይላቀቅ ነው። በእጅጌው በሁለቱም ጎን ላስቲክ ስቤ ሰፋሁበት። ቁልፎቹ ድንጋዮቹን ከላይና ከታች ጠፍረው ያዟቸው። ሬዲዮው የስፌት መኪናዬ አጠገብ ሆኖ የዓሣ ዋጋ የሚናገር የዐረብ ድምፅ ለቀቀ። እንደዚያ ቀን ዐረብኛ ጥሞኝ አያውቅም።

ቤት ከመግባቴ በፊት በሳቲን ወደሚባለው ሰፈር ሄድኩ። ከአራቱ ሽማግሌዎች ትልቁ እዚያ ነው የሚኖረው። የምለውን መንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር፤ በሩን እንደከፈተ ለቀቅኩበት።

«ዓሚ፣ አጎቴ፣ ስንት ዓመት አብራችሁት ተቀምጣችሁ፣ አንድ ድንጋይ ሲያልቅ አባቴን ጣላችሁት?»

አንገቱን ደፋ። ከኮቱ ኪስ እኔ የገዛሁትን የመሰለ ትንሽ ሬዲዮ አወጣና አሳየኝ።

«ይሄ ሁላችንም ጋ አለ ልጄ። የጠዋቱን ዜና ቤታችን ሰምተን ነው ለማታው እናንተ ጋ የምንመጣው። በሦስተኛው ቀን አንቺ ሻይ ልትቀጂ ስትገቢ አባትሽ አትምጡ አለን። ‹እንግዳ ጠርቶ ዝም ያለ ሣጥን ፊት ማስቀመጥ ነውር ነው፤ እስኪናገር ድረስ በሬን እንዳትረግጡ› አለን። ወላሂ ለምነነዋል።»

በሰዎቹ ላይ ስቋጥረው የከረምኩት ቂም ሁሉ እኔው ላይ ተመለሰ፤ አፈርኩ። ይቅርታ መጠየቁ ግን አልሆነልኝም። «ነገ ኑ፣ ይናገራል» ብዬው ብቻ ተመለስኩ።

በማግስቱ አባቴ ሣጥኑን ጭኑ ላይ ሲያደርግ ጀርባው ላይ የታዘለውን ነገር ዳሰሰ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እጅጌ ነው።»

«ሬዲዮ ደግሞ እጅጌ አማረው?» አለ። ከስንት ቀን በኋላ መቀለዱ ነበር።

አራቱም መጡ። አባቴ ጣቢያውን በሁለት ጣቱ ፈልጎ አገኘው። ዜናው ሲያልቅ መተንተን ጀመረ፤ የበሳቲኑ ሽማግሌ ጠዋት ቤቱ የሰማውን ነገር «እንዴ፣ እንደዚያ ሆነ እንዴ?» እያለ ይጠይቀዋል። እኔ ሻይ እየቀዳሁ ሳቄን ዋጥኩት። አባቴ ያንን ቀን ሁለት ብርጭቆ ጠጣ፤ ዳቦም አስመጣ።

ሲሄዱ ሬዲዮውን እንደያዘ ቀረ።

«ሁሉም ኪሳቸው ውስጥ ሬዲዮ አላቸው» አለኝ። «ሲቀመጡ አግዳሚውን ይመታል።»

«ታውቅ ነበር?»

«የጠፋው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ አለ።» ቁልፉን አዞረና ዘጋው። «ድንጋዩ ለነገ ይቆይ። ነገም ይመጣሉ።»

እኔም ገብቼ ለመጠባበቂያ ሁለተኛ እጅጌ ቆረጥኩ።