«የለም» ብዬ የሞላኋት መስመር

የሙያ ማኅበራችን በዓመት አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ቅጽ ይልካል። የጎንደር ቅርንጫፍ ጸሐፊ እኔ ስለሆንኩ የምሞላውም እኔው ነኝ። ስንት የሥነ ልቦና ባለሙያ አባል ሆነ፣ ስንት ሥልጠና ተሰጠ፣ ስንት ትምህርት ቤት ተጎበኘ፤ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ እሞላለሁ። ከታች፣ ከፊርማው ቦታ ከፍ ብላ፣ አንዲት አጭር መስመር አለች፦ «በባለሙያ ላይ የቀረበ አቤቱታ»። ባለፈው ዓመት እዚያች መስመር ላይ «የለም» ብዬ ጻፍኩ። ጨንቆኝ ነበር ብል ደስ ባለኝ። አልጨነቀኝም። ሻይ እየጠጣሁ ነው የጻፍኩት።

በእኛ ከተማ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ ካልሽ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቅሽ «ታዲያ እኔን ስታዪኝ ምን አሰብሽ?» ብሎ ነው። ቀጥሎ «እብድ ነው የምታክሚው?» ይላል። ማኅበሩን የወደድኩትም ለዚሁ ነበር። ሰው እንዲያምነን ከፈለግን አንድ ነገር እናሳየው ተባባልን፦ የሰማነውን አናወራም። ካፍ ከወጣ አፋፍ በሚባልበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዋናው ቢሮ የሥነ ምግባር መመሪያ ሲያወጣ አማርኛውን ካቃኑት ሰዎች አንዷ እኔ ነበርኩ። አባዝቼ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አስለጠፍኩት። ሆቴል አዳራሽ ተከራይተን ሥልጠና ስንሰጥም ማይክ ይዤ «ደንበኛችሁን መንገድ ላይ ብታገኙት ቀድማችሁ ሰላም አትበሉት። እሱ ካልፈለገ አታውቁትም» አልኩ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ጎንደር ላይ የሚያውቁትን ሰው ሰላም ሳይሉ ማለፍ? ጠብ ነው እኮ!

ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ማራኪ በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ክፍል ተከራይቶ የሚያማክር ባልደረባችን ነበር። ክፉ ሰው አይደለም። ይህን የምለው ልከላከልለት ብዬ አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ስለነበር ነው። ስብሰባ አይቀርም፣ ለቅሶ አይቀርም። እናቴ ታማ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ ሦስት ሌሊት ወንበር ላይ ያደረ እሱ ነው።

አንዲት ሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። በደባርቅ መንገድ፣ ኮሶዬ የሚኖር ገበሬ ልጅ ናት፤ ከቤታቸው ዩኒቨርሲቲ የገባች የመጀመሪያዋ። ጭንቀት ይዟት እሱ ዘንድ ሄደች፣ በሩን ዘግቶ «እዚህ ያልሽው እዚህ ይቀራል» አላት፣ ነገረችው። ምን እንደነገረችው እዚህ አልጽፍም። አንባቢ ቅር ካለውም ቅር ይበለው። ያንን ምስጢር ሊሰማው ከሚገባው በላይ ብዙ ሰው ሰምቶታል፤ እኔ ዘንድ ይቁም።

እሱም የዚያው አገር ሰው ነው። ከወር በኋላ ኮሶዬ ለቅሶ ሊደርስ ሄዶ ድንኳን ውስጥ ከአባቷ ጎን ተቀመጠ። «አያ፣ ልጅዎን አደራ፣ ከባድ ነገር ላይ ናት» አላቸው። «ምን ሆነች?» አሉት። ነገራቸው። በሦስተኛው ቀን አባትየው ግቢው በር ላይ መጥተው ፍራሿንና ልብሷን አስጭነው ወሰዷት። ፈተናው ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

እኔ ዘንድ የመጣችው ክረምቱ አልፎ ተማሪው ሲመለስ ነው። ለአባቷ አክስቷን ልትጠይቅ እንደሆነ ተናግራ፣ ማራኪ ሰፈር አንዲት ጓደኛዋ የተከራየችው ክፍል አድራ ቢሮዬ ገባች። ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። ያባዛሁት መመሪያ ነበር፤ ከሰሌዳ ላይ ነው የነቀለችው፣ ጥጉ ተቀዷል።

«ይሄ የእናንተ ነው?»

«አዎ።»

«እውነት ነው?»

«ምኑ?»

«የተጻፈው።»

ተናደድኩ። እንዴት ትጠይቂኛለሽ ልላት ምንም አልቀረኝ። እውነት ነው አልኳት። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ትምህርቷን። ሬጅስትራር በራስሽ ጥፋት እንዳላቋረጥሽ የሚመሰክር ወረቀት ከሙያ ማኅበሩ ካመጣሽ እንቀበልሻለን ብሏታል፤ ለዚያውም ወሩ ከማለቁ በፊት። አዲስ አበባ ያለው የሥነ ምግባር ኮሚቴያችን አቤቱታውን አይቶ ባለሙያው ምስጢር አውጥቷል ካለ ወረቀቱን ይሰጣታል። ሦስት ገጽ ቅጹን ቁጭ ብላ በእስክሪብቶ ሞላችው። የፈረመችው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ሰኞ በጠዋት እልከዋለሁ ብዬ መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩት። ስትወጣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» ብላ እጄን ልትስም ጎንበስ አለች።

መመሪያው ኮሚቴው እስኪጠራው ድረስ ለተከሰሰው ባለሙያ ማንም አይነግርም ይላል። ይህችን ዓረፍተ ነገር በእጄ ነው ያስተካከልኳት። እንግዲህ ምን ልበል? የዚያኑ ዕለት ከቢሮ ስወጣ ደወልኩለት። ይሉኝታ! ሦስት ሌሊት ወንበር ላይ ያደረውን ሰው ከጀርባው ወረቀት ልላክበት? ከሌላ ከሚሰማው ከእኔ ይስማ አልኩ። እስከ መጨረሻው ሰማኝና «እግዜር ያክብርሽ» አለኝ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እናቴ ቤት ምሳ ልንቀርብ ስንል «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ተሰማ። እናቴ በሩን ከፈተች። ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆመዋል፤ ከፊታቸው የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን ይዘዋል፤ ከኋላ ደግሞ ባልደረባዬ፣ ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ ለብሶ፣ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል። ጎረቤታችን አጥር ሊያሠራ ካስቆለለው ላይ ያነሣው ነው።

ሲያዩት ያስቃል። ግን ማን ይስቃል? በእኛ አገር ድንጋይ ተሸክሞ በርሽ ላይ ለቆመ ሰው እንኳን የወረቀት ነገር የደም ነገርም ይቅር ይባላል። እናቴ «በስመ አብ! አባ፣ ምነው በር ላይ ቆሙ? ይግቡ እንጂ!» ትላለች፤ እሳቸው «ልጅሽ እሺ ካላለችን አንቀመጥም» ይላሉ።

«በደሉ በእኔ ላይ አይደለም፣ አባ፤ ጉዳዩን የሚያየው ደግሞ ኮሚቴ ነው» አልኩ። እናቴ ክንዴን ቆንጥጣ «ኮሚቴው ነው እኔ ስሞት የሚቀብረኝ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ልጅቱን ጥሪያት» አሉ አባ። «ወረቀቱ ግን በአንቺ እጅ ነው አሉ። እኔ አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ኃጢአት ስሰማ ኖሬያለሁ፤ ለአንድ ሰው ተንፍሼ አላውቅም። ቢሆንም ሰው ነውና ይሳሳታል።»

«ታዲያ እርስዎ ያልተነፈሱትን እሱ ምነው ተነፈሰ?» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ዋጥኩት። ዛሬም ድረስ ሆዴ ውስጥ አለ።

ደወልኩላት። ከማራኪ በሚኒባስ መጣች። በሩ ላይ ስትደርስ ድንጋይ የተሸከመውን ሰውዬ ሳይሆን እኔን ነው ያየችኝ። «ማን ነገረው?» አለች፣ ቀስ ብላ። «መጀመሪያ ግቢ» አልኳት። ያም መልስ ሆናት።

«ይቅርታውን አልጠላሁም፣ አባ» አለች ወደ እሳቸው ዞራ። «ወረቀቱ ግን ይሂድልኝ።»

«ወረቀት ከሄደማ ምኑን ዕርቅ ሆነ?» አለ አንዱ ሽማግሌ። ያን ጊዜ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ ሽማግሌዎቹም፣ እናቴም፣ ልጅቱም። እኔም መላ አመጣሁ፤ መላ እንኳ አላጣም። ለሬጅስትራር የሚሆነውን ደብዳቤ ራሱ ይጻፍላት፣ ከኮሚቴውም ይፈጥናል አልኩ። እሱ ከድንጋዩ ሥር «በእግዜር ስም፣ ነገ እጽፋለሁ» አለ። ልጅቱ አሁንም ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም።

«እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«እኔ አለሁልሽ። ይቅር በዪው» አልኳት።

«እርስዎ ካሉ እሺ።»

ድንጋዩ ወረደ። መስቀል ተሳለመች። አባ ዕለቱን ቢሮዬ ሄጄ ቅጹን እንዳመጣ አደረጉና በፊታቸው ቀደድኩት፤ ሦስቱንም ገጽ። ከዚያ ምሳ ተበላ፣ ተመረቀ፣ ተሳሳቅን። ልጅቱ «ጠግቤያለሁ» ብላ አልቀመሰችም።

ባልደረባዬ ቃሉን አላጠፈም፤ ክፋቱም ይኸው ነው። ሰኞ ዕለት አንድ ሙሉ ገጽ ጽፎ፣ ማኅተም አድርጎ ሰጣት። እሷም ሬጅስትራር ደረጃ ላይ ቆማ አነበበችውና ደወለችልኝ።

«እትዬ፣ ጽፎታል።»

«እሰይ!» አልኳት።

«ሁሉንም ነው የጻፈው።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ቆይቶ ገባኝ። እንዳይጠራጠሯት ብሎ፣ ነገሩ እንዲከብድላት ብሎ፣ ድንኳን ውስጥ ለአባቷ ያወራውን ምስጢር ከነስሟ በወረቀት አስፍሮ ማኅተም መትቶበታል። ያንን ወረቀት በመስኮት ለሬጅስትራሩ ጸሐፊ አቀብላ፣ ጸሐፊዋ አንብባ ለሌላዋ አሳይታ፣ ከዚያ እዚያው ግቢ ውስጥ ሦስት ዓመት ልትማር!

«እንዳትሰጪያቸው! ነይ፣ አዲስ ቅጽ እንሙላ፣ ዛሬውኑ እልከዋለሁ» አልኳት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

«መስቀል ተሳልሜ ይቅር ብያለሁ እኮ፣ እትዬ። እንዴት አድርጌ ልመልሰው?» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ብትሰድበኝ በወደድኩ። ምስጢሩን ትቶ ሌላ ደብዳቤ ይጻፍልሽ ብላትም «ከእንግዲህ እሱ ስለ እኔ እንዲጽፍ አልፈልግም» አለች። ደብዳቤውን ለማንም ሳታሳይ በዚያው ቀን ወደ ኮሶዬ ተሳፈረች፤ ወሩም አለቀ።

እሱን ሄጄ ሰደብኩት። ወንበሩ ላይ ኩርምት ብሎ «ልረዳት ብዬ ነው» እያለ አለቀሰ። ሰድቤ ሰድቤ ጨርሼ ደረጃውን ስወርድ፣ ዓርብ ዕለት ስልክ ያነሣሁት እኔም ልረዳ ብዬ እንደነበር ትዝ አለኝ። እሱ አባቷን «ከሌላ ከሚሰሙ ከእኔ ይስሙ» ብሎ ነገራቸው፤ እኔም እሱን እንዲሁ። እኔና እሱን ምን ለየን? መመሪያው የቅርንጫፍ ጸሐፊዋ በራሷ ለኮሚቴው ማመልከት ትችላለች ይላል። አውቃለሁ፣ አማርኛውን እኔ ነኝ ያቃናሁት። ብጽፍ ግን ቀድሜ የምጠየቀው እኔ ነበርኩ። ፈራሁ። አልጻፍኩም። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ዓመታዊው ቅጽ ሲመጣ «የለም» አልኩ። አዲስ አበባም ደስ አላት። በጥር ወር አንድ እንግዳ ከዋናው ቢሮ መጡ፤ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ትሑት። ለቅርንጫፉ የምስጋና ወረቀት በመስታወት አስገጥመው አመጡ። ደባርቅ ላይ መምህራን ልናሠለጥን አብረን ስንወጣ ኮሶዬ ላይ ምሳ እንብላ አሉ። ሌላ ቦታ እንሂድ ልል አስቤ ነበር፤ ምን ምክንያት ልስጥ? መኪናውን መንገድ ዳር ካለች አንዲት ምግብ ቤት አቆምን። ብርዱ አጥንት ይገባል።

እጃችንን የምታስታጥበን ልጅ ማስታጠቢያውን ይዛ መጣች። እሷ ናት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች፤ ጣቶቿ ከብርዱ የተነሣ ተሰነጣጥቀዋል። ምግብ ቤቱ የዘመዷ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው።

እንግዳው እየታጠቡ ወደ እኔ ዞረው «በዓመት ውስጥ አንድም አቤቱታ የሌለበት ቅርንጫፍ! በየስብሰባው እናንተን ነው ምሳሌ የማደርገው» ይላሉ። ውሃው ሳይቋረጥ ይወርዳል። ከዚያ ቀና ብለው አዩዋትና «ትማሪያለሽ፣ የኔ ልጅ?» አሏት፣ በደግ ልብ።

«እማር ነበር።»

«ታዲያ ለምን ተውሽው?»

«አልሆነልኝም።»

«አየሽ፣ እንደዚህ ያሉትን ነው መድረስ ያለብን» አሉኝ። እኔ እጄን ዘርግቼ ደርቄ ቀርቻለሁ። ግራ ገብቷቸው አንዴ እኔን አንዴ እሷን አዩ። «ምነው፣ ትተዋወቃላችሁ እንዴ?»

አፌን ሳልከፍት እሷ ቀደመችኝ። «አይ፣ አንተዋወቅም። ዛሬ ገና ማየቴ ነው» አለችና ውሃውን እጄ ላይ አፈሰሰችልኝ። ለብ ያለ ነበር፤ አሙቃ ነው ያመጣችው።

አውቃታለሁ ብዬ መጮህ ፈለግሁ። መብቱ ግን አልነበረኝም። ደንበኛው ካልፈለገ አታውቁትም ብዬ ማይክ ይዤ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ከመላው ቅርንጫፍ ምስጢር ሲጠበቅ ያየሁት ከእሷ ብቻ ነው፤ የጠበቀችውም የእኔን። ፎጣውን አቀብላኝ ወደ ጓዳ ገባች። ሽሮው ቀረበ። እንግዳው «በይ እንጂ፣ ሳይበርድ» አሉኝ። በላሁ።