ያልታጠበው ጃኬት

የዚያን ቀን ንፋሱ ከጠዋት ጀምሮ አላረፈም። የጓሮ በሮችን እያላተመ፣ ባዶ የወተት ጠርሙሶችን እያንከባለለ በቤቶቻችን መሀል ሲሮጥ ዋለ። ዝናብ የለም፤ ግን አርፎ መቀመጥ የቻለ ሰው አልነበረም። እኔም ሻይ አፍልቼ፣ ሳልጠጣው ቀዝቅዞ፣ ደፍቼው እንደገና አፈላሁ።

ጎረቤቴ ሴድሪክ ታክሬይ ያን ቀን ከዮርክሻየር መንደራችን ወጥቶ ሊድስ ከተማ፣ ልጁ ጋ ሊገባ ነበር። የከሰል ማዕድን ማውጫው እስኪዘጋ ድረስ ከመሬት በታች ሲቆፍር የኖረ ሰው ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ጉልበቱ ደረጃ አላስወጣ አለው። ልጁ ጂሊያን «በቃ፣ እኔ ጋ ና» አለችው። ሚጅንም ይዞ እንዲመጣ ፈቀደችለት።

ሚጅ ፌሬቱ ናት፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ እንደ ሙጭልጭላ የምትሽሎከሎክ። እኛ ጋ ወንዶቹ ፌሬት የሚያኖሩት ጓሮ ውስጥ በሳጥን ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጥንቸል አባርራ እንድታስወጣላቸው ጉድጓድ ውስጥ ይለቋታል። ሴድሪክም ድሮ እንደዚያ ነበር። ብቻውን ሲቀር ግን ሚጅን ወደ ቤት አስገባት። ሶፋ ሥር ትተኛለች፣ ካልሲ ትሰርቃለች፣ ደስ ሲላት ወደ ጎን እየዘለለች ትጨፍራለች። ቤቱ እሷን እሷን ይሸታል። እሱን ግን አይሸተውም።

ጂሊያን ቀደም ብላ መጥታ መጋረጃውንም፣ አልጋ ልብሱንም፣ የአባቷንም ልብስ አጥባ ነበር። ጠዋት እኔም እያገዝኳቸው ዕቃ ሲጫን ቁም ሳጥኑ ከግድግዳው ተነሣ፤ ከኋላው ወለሉ ላይ ቀዳዳ ነበር። ሚጅ ገባችበት። የኛ ቤቶች ደግሞ ተያይዘው የተሠሩ ናቸው፤ ከወለሉ ሥር ያለው ባዶ ቦታ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው።

ሴድሪክ መጀመሪያ አልደነገጠም። ፌሬት ጉድጓድ ውስጥ ስትቀር ሁሉም የሚያደርገውን አደረገ፤ ኮቱን አውልቆ ቀዳዳው አፍ ላይ አነጠፈው። የጌታዋን ሽታ ስታገኝ መጥታ እላዩ ላይ ትተኛለች። ጠበቅን። አልመጣችም። ጎንበስ ብሎ ኮቱን አሸተተው።

«ይሄን ኮት ማን ነካው?»

«እኔ አጠብኩልህ፣ አባዬ። ቆሻሻው ብቻውን ያቆመው ነበር እኮ!»

«የቄሱን ሚስት ነው የሚሸተው! ሚጅ ከቄሱ ሚስት ጋር ምን አላት?»

«በቃ የለበስከውን ሸሚዝ አድርግላት።»

«እሱንም አጥበሽዋል። እኔንም ትናንት ገንዳ ውስጥ ዘፍዝፈሽኛል!»

ውጭ የጭነት መኪናው ሹፌር ጡሩምባ ነፋ። ሴድሪክ የምግቧን ቆርቆሮ እያንቃጨለ ከክፍል ክፍል ይንጎራደዳል፤ ወለሉን በእግሩ ይመታል፣ ያዳምጣል፣ እንደገና ይሄዳል።

«ያለ ሚጅ አልሄድም።»

«ቤቱ ሰኞ ሌላ ሰው ይገባበታል እኮ! የት ልታድር ነው? ለአንዲት አይጥ ብለህ…»

«አይጥ እንዳትያት!»

ጂሊያን ማልቀስ ጀመረች። እኔ ማየቱ ሰለቸኝና ቤቴ ገባሁ። እጄ ሥራ እንዲያገኝ ብዬ ሳህን ላጥብ አልኩ፤ ሳሙና ላወጣ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን ቁም ሳጥን ከፈትኩ።

ብርዱ ሲጠነክር የውሃ ቧንቧዬ እንዳይፈነዳ ሴድሪክ በድሮ የማዕድን ሥራ ጃኬቱ ጠቅልሎልኝ ነበር። ቧንቧው ከወለሉ ሥር በቀዳዳ በሚወጣበት ቦታ እዚያው ከረመ። ማንም አጥቦት አያውቅም። እጅጌው ተንቀሳቀሰ።

«ሴድሪክ!» ብዬ በግድግዳው በኩል ጮህኩ። «ና ልጅህን ውሰድ!»

እየተንገዳገደ መጥቶ ተንበረከከ። ሚጅ አፍንጫዋን ብቻ ከእጅጌው ብቅ አደረገች።

«አንቺ ባለጌ» አላት። በጣቱ ግንባሯን አሻሸላት።

ጂሊያን በሩ ላይ ቆማ ጃኬቱን አየችው። ከሰሉ ጥቁር አድርጎት ነበር።

«እሱንም እንውሰደው» አለች።

«ከነቆሻሻው?»

«ከነቆሻሻው፣ አባዬ። አልነካውም።»

ሴድሪክ ወደኔ ዞረ። «ቬራ፣ ቧንቧሽስ?»

«እሱ የኔ ጣጣ ነው። ሂድ፣ ሹፌሩ እየጠበቀ ነው።»

ሚጅን ከነጃኬቱ ታቅፎ ወጣ። ንፋሱ በሩን ከኋላው ዘጋው። ቧንቧውን በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቀለልኩት፤ ብዙም አይሞቅም።

ሴድሪክ አሁን ሊድስ ነው፤ ከጂሊያን ቤት በስተኋላ፣ ደረጃ በሌላት ክፍል፣ ከሚጅና ከጃኬቱ ጋር ይኖራል።