የሲርሎ ቋጠሮ

ባሌ ሲርሎ ቆላ ካለው የትንባሆ እርሻ ከተመለሰ ወዲህ አራት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ታናሽ ወንድሙ ሮሳሊዮ እዚያው ለትንባሆው የተባይ መርዝ ሲረጭ ወድቆ ሞቷል። ሲርሎ ቀበረው፤ አላለቀሰም። እኔ ግን ቆላ የተዋት ሴት ብትኖር ነው እያልኩ ስብሰለሰል ኖርኩ። ቀናተኛ ነኝ፣ ምን ይደረግ።

ዘንድሮ መሪያችን ሽማግሌው ኤውሎሂዮ፣ ሂኩሪ የምንለው፣ ለበላው ራእይ የሚያሳይ ቅዱስ ቁልቋል ወደሚበቅልበት ወደ ዊሪኩታ በረሃ ሲነሱ ሲርሎን አስከተሉት። እኔም የሄድኩት ለጸሎት አይደለም፤ የዚያችን ሴት ስም ለመስማት ነው። ሂኩሪ ከመቅመሱ በፊት ሁሉም ሰው አብሮት የተኛውን በስም ይናገራል፣ ባልም ሚስትም እየሰማ። መቆጣት ክልክል ነው። ለየስሙ ገመድ ላይ አንድ ቋጠሮ ይታሰራል፤ ኋላ ገመዱ እሳት ይገባል።

እኔ የልጅነቴን ሁለት ስም ተናግሬ ተሳቀብኝ። ሲርሎ ተራው ሲደርስ ገመዱን ያይ ጀመር።

«ተንፍስ እንጂ፣ ጣትህ ካነሰህ በእኛ ጣት ቁጠር» አለችው አክስቱ።

«ሴት የለችም» አለ። «ያን ቀን መርዙን የመርጨት ተራ የእኔ ነበር። አሞኛል ብዬ ተኛሁ። አላመመኝም፤ ጠጥቼ ነው ያደርኩት። ሮሳሊዮ ግንባሬን ዳሰሰና መርጫውን አዝሎ ሄደ።»

የሳቀ የለም። ኤውሎሂዮ አንድ ቋጠሮ አሰሩለት። እኔ ግን ሴት የለችም ሲል ደስ አለኝ፤ ወዲያው በራሴ አፈርኩ፣ ገመዱ ሲቃጠልም አልተናገርኩም።

በማግስቱ ሂኩሪውን በላን። ሌላው ስላየው ቀለምና አጋዘን ሲያወራ፣ ሲርሎ ምንም አላየሁም አለ። ቀኑን ሙሉ አፈሩ ላይ ተቀምጦ እጁን ሲያይ ዋለ። በሦስተኛው ቀን፣ ስንመለስ፣ መኪናው ላይ እንቅልፍ ጣለው፤ ማንኮራፋቱ ሰው አስመረረ። ኤውሎሂዮን ላመሰግን ብል አልፈቀዱም።

«እኔ ምን አደረግኩ? ሂኩሪውም ቢሆን አፈሩ ላይ አስቀመጠው እንጂ የዳነው ራሱ ነው። ቁስል ሲገጥም አይተሽ አታውቂም፣ ልጄ?»

ሲርሎ ሲነቃ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። ያሳፈረኝን ሁሉ ነገርኩት፤ ሮሳሊዮ ሞቶ ሳለ እኔ ሴት የለችም ሲል ደስ እንዳለኝ።

«ታዲያ እዚያው አትናገሪም ነበር? ቋጠሮ በዛብኝ ብለሽ ነው?» ብሎ ሳቀ።

ሳቁን ሳይጨርስ ለወንድሙ ማልቀስ ጀመረ። እስከ ሰፈራችን ድረስ አለቀሰ፣ እኔም እጁን ይዤው ሄድኩ።